ተለወጠ ተብሎ ስላልተለወጠ የፍሬን ጎሚኒ እና ስለ ሐሙስ ዕለቱ አቀባበል የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ።

የመኪናውን ታሪክ ከመጀመሪያው አልተርክም። ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ የወጣ ነጭ ሂሉክስ ደብል ጋቢና ስለሆነ ፋይሉ እርስዎ ዘንድ አለ። ከሌለም ያ ራሱን የቻለ ሌላ ቅሬታ ይሆናል። ሕመሙ የግራ የፊት ፍሬኑ ይዞ አለመልቀቁ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ ሐሙስ ኅዳር 19 ነው።

ረቡዕ ማታ አንድ ሠራተኛዎ ደወለልኝ። የግራ የፊት ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን በፒስተኖቹ እየገፋ ዲስኩን የሚያስይዘው ክፍል) ተፈቷል፣ ከአራቱ ፒስተኖች ሁለቱ ዝገው ተጣብቀዋል፣ ሁለት አዲስ ፒስተንና ሙሉ አዲስ ጎሚኒ (ፒስተኖቹን የሚከቡት የላስቲክ ቀለበቶች) ይገባል፣ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ መጥተው ቁልፍዎን ይረከባሉ አለኝ። በሁለት ወር ውስጥ የበሽታውን ስም በትክክል የጠራልኝ የመጀመሪያው ሰው ስለነበር እዚያው ስልኩ ላይ መረቅኩት። ገንዘቡንም በዚያው ሌሊት በባንክ ላክሁ፤ ለዕቃው 9,400 ብር፣ ለእጅ 3,000 ብር። ምርቃቱን መልሱልኝ አልልም።

ሐሙስ ከስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ ደረስኩ። መኪናው በድንጋይ ላይ ቆሟል። ካሊፐሩ ነጭ ጋዝ በተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ተዘፍዝፏል። የፍሬን ጎሚኒ ነጭ ጋዝ ሲነካው አብጦ እንደሚበላሽ እኔ ቡና ነጋዴው የማውቀውን ጋራዡ ያጣዋል ብዬ አላስብም። ከቆርቆሮው አጠገብ አንድ ልጅ ዱካ ላይ ተቀምጦ ፒስተን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። ላዩ ላይ ዝገቱ የበላው ጉድጓድ ጉድጓድ ይታያል። «አዲሱ ይኼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ይጸዳል» አለኝ። ልጁን አልወቅስም፤ የተሰጠውን ነው የሚፈትገው።

ስምንት ሰዓት ዘጠኝ ሆነ፣ ዘጠኝም አሥር ሆነ። እግሩ የሚነቃነቀው አግዳሚ ወንበራችሁ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። (ወንበሩን ባለፈው መስከረምም ነግሬያችሁ ነበር።) ቁልፉን የሰጡኝ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ወደ አላሙራ አቅጣጫ ወጣ ብዬ ተመለስኩ፤ ደርሶ መልሱ ከስድስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። መሪው ወደ ግራ ይስባል። ወርጄ መዳፌን የቀኙ ቸርኬ ላይ አሳረፍኩ፤ ለብ ብሏል። የግራው ላይ ግን ጣቴን እንኳን ማቆየት አልቻልኩም። ከፕላስቲክ ጠርሙሴ ውኃ ጠብ ሳደርግበት ጭስ ብሎ ጠፋ።

ወደ ባንኮኒው ሄድኩ። ከጀርባው የተቀመጠው ወጣት ስልኩን ያያል። «ወንድሜ፣ የግራው ጎማ እየጋለ ነው፤ እባክህ ወጣ ብለህ እይልኝ» አልኩት።

«ጎማ ይሞቃል» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

«የቀኙ እኮ አልሞቀም።»

«ፀሐይ በየት በኩል ነበረች?»

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ሊሆን አሥር ደቂቃ ነበር የቀረው። ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ልትጠልቅ ተቃርባለች። እንደ ቀልድ ልወስደው ሞከርኩ፤ ልጁ ግን እየቀለደ አልነበረም። «ሐዋሳ ቆላ ነው። አንተ ደግሞ እግርህን ፍሬን ላይ ጭነህ ነው የምትነዳው» ብሎ ጨመረበት።

«አንተ» አለኝ። እኔ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፤ የእሱ እኩያ ልጆች አሉኝ። እሱን እንለፈው። ሐዋሳ ግን ቆላ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ከቡና ጋር የኖርኩ ሰው ስለ ከፍታ ሲዋሹት ዝም ማለት አይችልም። ደግሞስ እግሬን ጭኜ ብነዳ የሚግለው የግራው ብቻ ነው? ፔዳሉ አንድ፣ ጎማው አራት! ይህንኑ ስነግረው «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊው ይደውልልሃል» ብሎ መብራቱን አጠፋ። እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ ነው መብራቱን ያጠፋው።

ዓርብ በሁለት ሰዓት ስልክ አልተደወለም። በሦስትም አልተደወለም። አለታ ወንዶ ባለው ቡና መፈልፈያ የለቃሚዎችን ክፍያ ይዤ መድረስ ነበረብኝ። ወሩ ኅዳር ነው፤ የተለቀመ እሸት ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይቦካል፣ ያልተከፈለውም ለቃሚ በማግሥቱ አይመጣም። ያንን ጎማ ይዤ መውጣት እንዳልነበረብኝ አውቃለሁ፤ ይህ ጥፋት የእኔ ነው፣ አልክደውም። ቀስ እያልኩ ሄድኩ። አመሻሹ ላይ ሁለት ሠራተኞች ጭኜ ስመለስ፣ ወደ አፖስቶ የሚወስደውን ቁልቁለት እንደጀመርኩ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ፔዳሉን ስረግጠው ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ወለሉን ነካ። በከባድ ማርሽና በእጅ ፍሬን ነው ያቆምኩት። ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ እስክንቆም ድረስ ድምፅዋ ሳይቋረጥ ማርያምን ትጠራ ነበር።

የሆነው ነገር አሁን ገብቶኛል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ ግን 140 ዲግሪ ገደማ ላይ ሊፈላ ይችላል፣ ሲፈላም አረፋ ሆኖ ፔዳሉን ያሰምጠዋል። በእኛ ከተማ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ጥላ እንፈልጋለን። «ጎማ ይሞቃል» የተባልኩት ስለዚህኛው ሙቀት ነው።

አፖስቶ ላይ ጎማ ከሚለጥፉት ሰዎች አጠገብ የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ አገኘሁ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ ጀሪካን ገለበጠልኝ። ጎማውን አንሥቶ በእጁ ሊያዞረው ሞከረ፤ አልዞረም። የአየር ማውጫዋን ቡሎን ፈታ አደረጋት፤ አሁንም አልዞረም። «የላስቲክ ቱቦው ተዘግቶ ግፊት ይዞ ቢሆን ይህችን ስፈታት ጎማው ይለቅ ነበር፤ የያዘው ራሱ ፒስተኑ ነው» አለኝ። በሁለት ደቂቃ፣ በአንዲት ቡሎን! እናንተ ዘንድ ለዚህ ሁለት ወር ፈጅቷል። በመሐል ያልታመመ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበትን) ለውጣችሁ 5,200 ብር ተቀብላችሁኛል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የግራው ሸራ እስከ ብረቱ አልቆ የቀኙ ገና ግማሽ መሆኑን እያያችሁ፣ ለምን ብላችሁ ሳትጠይቁ አዲስ ሸራ ገጥማችሁ ሸኝታችሁኛል።

መካኒኩ ፒስተኖቹን ሲያወጣ ሁለቱ ያ ልጅ ሲፈትጋቸው ያየኋቸው ናቸው፤ ጉድጓዶቹ አሉ። ጎሚኒዎቹ እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክረዋል፤ አንዱ በጥፍሩ ሲነካው ተሰነጠቀ። ፍሬን ሲለቀቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስበው ሌላ ስፕሪንግ እንደሌለ፣ የሚስበው ያው ጎሚኒ ራሱ መሆኑን እያሳየ አስረዳኝ። የደረቀ ጎሚኒ አይስብም። ስለዚህ «ሙሉ አዲስ ጎሚኒ» ተብሎ የተነገረኝ፣ በእጅ በተጻፈው ደረሰኛችሁም ላይ የሰፈረው ነገር አልተደረገም። (በማሽን የታተመ ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብያለሁ፤ መስከረምም ላይ ተበላሽቶ ነበር።)

መኪናው እዚያው አደረ። ቅዳሜ የጽዮን ማርያም ዕለት በሚኒባስ ሐዋሳ ተመልሼ፣ ግማሹ ሱቅ ተዘግቶ እያለ ፒስተንና ጎሚኒ በ7,800 ብር ገዛሁ። የአፖስቶው መካኒክ ለእጁ የተቀበለኝ 1,500 ብር ብቻ ነው። ዛሬ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ለብ ይላሉ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልጠይቅ ያሰብኩት ላልተሠራው ሥራ የከፈልኩትን 12,400 ብር ብቻ ነበር። ስጽፈው ኩሽኔታው ትዝ አለኝ፤ የእሱም 5,200 ብር ይመለስልኝ። በግለቱ የሰማየውን ዲስክና የተቃጠለውን ሸራም በራሳችሁ ወጪ ትለውጡልኛላችሁ፤ የምትገጥሙት ግን እናንተ አትሆኑም። የሾፌሩ ወንበር ላይ የታተመውን የግሪስ መዳፍ አልጠቀስኩም ነበር፤ እሱም ይጽዳ። ከመኪናው ጋር ገብቶ ያልወጣው የክሪክ ዘንግም ይፈለግልኝ።

ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ወጣት ከሥራ ይባረር አልልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትና የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ያንን ታነቡለታላችሁ፣ ከዚያም በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቀኛል። በደብዳቤው ላይ «እርስዎ» ብሎ ይጻፍ።

እስከ ኅዳር 30 ምላሽ እጠብቃለሁ። ከካሊፐሩ የወጡት ጎሚኒዎችና ሁለቱ ፒስተኖች በፌስታል ታሽገው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልከዋል፤ ፎቶግራፋቸው እኔ ዘንድ ስላለ ቢጠፉም ግድ የለም።

ከሰላምታ ጋር፣
የነጩ ሂሉክስ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት (ገንዘቡ እስከ ኅዳር 30 ካልተመለሰ የሚላክ)