እንገርና የተቆረጠ ነርቭ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጤና ገጻችሁ ላክቶፌሪን ስለሚባለው የወተት ፕሮቲን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሥራዬ የእጅ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ የነርቭ ነገር አያመልጠኝም። ርዕሱ ግን «ወተት የተጎዳ ነርቭ ይጠግናል» ይላል። ይኼው ጋዜጣውን ይዘው የሚመጡ ታካሚዎች አሉኝ።

አንዱ ብየዳ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ግራይንደር አምልጦት አንጓው ላይ ነርቩን ቆርጦታል። ትንሿ ጣቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ አየሁና ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «የሻይ ብርጭቆ መሰለኝ፤ አልታወቀኝም» አለኝ። ቀዶ ሕክምናውን አቆይቶ ከገጠር እንገር እያስመጣ ይጠጣል። ያውም ሳይፈላ! ቢፈላ ኃይሉ ይጠፋል ብለውታል።

እርግጥ እንገር ላክቶፌሪን በብዛት አለው። ሙቀት ፕሮቲኑን እንደሚጎዳውም እውነት ነው። ግን ጥሬውን ቢጠጡትስ ጨጓራ መች ይምረዋል? ጥሬ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ በሽታው ሲብስ ራሱ ነርቭ ላይ ሊወጣ ይችላል።

በአሳማ ግልገሎች ላይ ላክቶፌሪን ለአንጎል እድገት እንደሚረዳ ታይቷል። ተስፋ ሰጪ ነው፣ አልክድም። የእንስሳ ውጤት ሰው ላይ ይደገማል ማለት ግን አይደለም። እንግሊዝ አገር ላክቶፌሪን ያለጊዜያቸው የተወለዱ 2,203 ሕፃናትን ከኢንፌክሽን ይከላከል እንደሆነ ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ሲወጣ አልተከላከለም።

የተቆረጠ ነርቭ መጀመሪያ ጫፍና ጫፉ መገናኘት አለበት። ከተሰፋ በኋላ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ክንዳቸው ላይ የተሰፋላቸውን ታካሚዎች የነርቩን መስመር ተከትዬ በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ። «ነዘረኝ!» ያሉበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ አሰምራለሁ። ነገሩ ከሰመረ፣ በወሩ ንዝረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጣት ወርዶ ይገኛል። ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይፈካል። ጡንቻው ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ነርቭ ሳይደርሰው ከዓመት ተኩል በላይ ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የእጅ ቀዶ ሐኪም አነጋግሩና የተቆረጠ ነርቭ ለምን ቶሎ መሰፋት እንዳለበት አስረዱን። በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይሁንልን። ወተቱንም አፍልቶ ይጠጣ፣ ማን ከለከለው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ