ለእማዬ፣ ድሬዳዋ ከዚራ

ውድ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሙቀቱ ሲበረታ የደም ግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ አደራ።

ባለፈው በስልክ «የሰው ጉዳይ ይዞ የባለሥልጣን ደጅ መጥናት የወንድ ሥራ ነው፤ ያውም በሰው አገር» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። መልሴ ስለሚረዝም በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

አንቺ በ15 ዓመትሽ ስትዳሪ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ይላል። ለሴትም 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ እሱም በራሱ አልመጣም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት ሕጉ እንዲሻሻል አጥብቀው ተሟግተዋል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጡ፣ ይህ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በእኛዋ ድሬዳዋ ነው። ዛሬ የእህቴ ልጅ ያለዕድሜዋ እንዳትዳር ሕግ የሚከለክልላት፣ ያኔ ደጅ የጠኑ ሴቶች ስለነበሩ ነው። እነሱ ባይኖሩ የአንቺን ነገር ማን ይናገርልሽ ነበር?

እዚህ ዋሽንግተንም ያው ነው። ሎቢስት ማለት እንደ እኔ የሰው ጉዳይ ይዞ የሕግ አውጪ ደጅ የሚጠና ነው፤ ከሎቢስቶች ብዙዎቹ ቀድሞ በአገሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ በኮንግረስ ቢሮ የሠሩ ናቸው። ወደዚያ ቢሮ መግቢያው ተለማማጅነት ሲሆን፣ አብዛኛው ተለማማጅ ለረጅም ዘመን ደመወዝ አልነበረውም። የዚህን ከተማ የቤት ኪራይ የሚከፍልለት ወላጅ ያለው ገባ፤ የደሃ ልጅ ውጭ ቀረ። ይህ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ከሴኔቱ ከፍተኛ ሠራተኞች ነጭ ያልሆኑት 7.1 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከአገሩ ሕዝብ ግን ከሦስት አንዱ በላይ ነጭ አይደለም። ኮንግረሱ ለተለማማጆች ክፍያ ገንዘብ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ደስ ብሎኛል።

በስብሰባ ላይ ጥቁር ሴት እኔ ብቻ የምሆንበት ቀን ብዙ ነው። ያደክማል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ከዚህ ወደ ውጭ አገር በሚላክ ገንዘብ ላይ 5 በመቶ ግብር ይጣል የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። ለእናቱ ገንዘብ ልኮ የማያውቅ ሰው በዚያ ቁጥር የሚታየው የመንግሥት ገቢ ነው፤ ለእኔ የታየኝ የአንቺ መድኃኒት ነው። ብዙዎች ከተከራከሩ በኋላ በጥሬ ገንዘብና በመሳሰለው በሚላከው ላይ ብቻ 1 በመቶ ሆኖ ጸደቀ።

የእህቴ ልጅ ሕግ ማጥናት እንደምትፈልግ ጽፋልኛለች። አባቷ ግን የሒሳብ አያያዝ ይሻላታል ብሏል አሉ። አንቺን ይሰማልና እባክሽ አነጋግሪልኝ። የትምህርቷን ወጪ እኔ እችላለሁ።

ልጅሽ