ቅዳሜ የምናየው፦ የጃክ ካርዲፍ ሕይወትና ሥራ

ውድ የክበባችን አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ክሬግ ማኮል ስለ እንግሊዛዊው ሲኒማቶግራፈር (የፊልም ካሜራና ብርሃን ባለሙያ) ጃክ ካርዲፍ የሠራውን ዘጋቢ ፊልም እናያለን። ማኮል ሽማግሌውን ከአሥር ዓመት በላይ ሲቀርጸው ኖሯል። ፊልሙ በ2010 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲቀርብ ግን ካርዲፍ አልነበረም፤ በ2009 በ94 ዓመቱ አርፏል።

እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ካርዲፍ የቀረጸው፣ በ1947 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ በሂማልያ ስለሚኖሩ መነኩሲቶች የሚተርከው ፊልም «ብላክ ናርሲሰስ» ነው፤ ኦስካር ያሸለመውም እሱ ነው። መነኩሲቷ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ደወል ስትደውል፣ ከሥሯ ያለውን ጥልቀት የሚያይ ሰው እግሩ ይርዳል። ገደሉ ግን ሥዕል ነው! ሂማልያ የመሰለንም ለንደን አቅራቢያ ያለው የፓይንዉድ ስቱዲዮ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎችን አሳድገው በባለቀለም ጠመኔ ቀቧቸው። ካርዲፍ ብርሃን ማብራትን ከሠዓሊዎች፣ በተለይም ከቬርሜር ተማርኩ ይል ነበር፤ የፊቶቹን ጥላ ስታዩ ይገባችኋል።

ካሜራ የያዛችሁ ወጣቶች በተለይ እንዳትቀሩ እለምናችኋለሁ። መብራቱን በሰዓቱ ስለምናጠፋ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ከፊልሙ በኋላ ሻይ አለ፤ ረጋ ብለን እንወያያለን።