የግብርና ክበባችን ዓመት፦ ስኳር ድንቹን ከአባጨጓሬ ስናተርፍ

ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ ያለውን መደብ የማያውቅ የለም። በክረምቱ መግቢያ የተከልነው ስኳር ድንች፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነውና በቫይታሚን ኤ የበለጸገው ዝርያ፣ መስከረም ላይ መሬቱን አልብሶት ነበር። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ሲበረታ ግን ቅጠሉ ተበልቶ ጅማቱ ብቻ ይቀር ጀመር። «ክበቡ ልጆቹን ከማድከም በቀር ምን ፈየደ?» የተባለውም ያኔ ነው።

የፈየደውን ልናገር። ቅጠሉን የሚበላው ከስኳር ድንች ቢራቢሮ እንቁላል የሚፈለፈል አባጨጓሬ ነው፤ የወላይታና የሲዳማ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል። ቢራቢሮዋ ከ100 እስከ 400 እንቁላል ቅጠል ላይ በአንድነት ትጥላለች። የተፈለፈሉት ሁለት ሳምንት ያህል በድር ተሸፍነው አብረው ይበላሉ፤ ከዚያ ይበተኑና ቀን መሬት ላይ ተደብቀው ሌሊት ይወጣሉ። ከተበተኑ በኋላ ለቅሞ መጨረስ ዘበት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ጠዋት ከሰልፍ በፊት እየመጡ ቅጠል እየገለበጡ፣ ድር ያለበትን እየቆረጡ አቃጠሉ። ቢራቢሮዋ እንቁላሏን እንዳታበዛም በመደቡ መካከል ቀይ ሽንኩርት ተከልን።

ኅዳር ላይ ወደ ሐርቡ ወርደን የአንዲት እናት ማሳ ገባን። ሴትዮዋ ለፀረ ተባይ መድኃኒት መግዣ ብር ሊበደሩ አስበው ነበር። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ የ7ኛ ክፍል ተማሪያችን ከሐረጉ መካከል ተንበርክካ ቅጠል ገለበጠችና «እማማ፣ ይዩት፤ ገና ከድሩ አልወጡም። ዛሬ ከለቀምነው ብድሩ ይቀርልዎታል» አለቻቸው። እስከ እኩለ ቀን ሁላችንም ለቀምን። እናትየዋ እጇን ይዘው «አላህ ያሳድግሽ፣ እጅሽ ይባረክ» ሲሏት እንባዬ መጣ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ አባጨጓሬ ያወራችው እሷ ነበረች። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም።

ስብሰባዎቹ በየወሩ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው በፋይል አለ። በፈተና ሳምንት ለቃሚ ጠፍቶ የታችኛው መደብ ተበልቶብናል። ጓንትና ውሃ ማጠጫ እንዲገዛልን ያቀረብነው ጥያቄም መልስ አላገኘም፤ ልጆቹ እሾሃም አባጨጓሬ የለቀሙት በፌስታል በተጠቀለለ እጅ ነው። ለውድድር ቀን ማሊያ ከተገኘ ለዚህም አይጠፋም።

ከላይኛው መደብ ንጹሕ ሐረግ አለን። የሚፈልግ ወላጅ መጥቶ ይውሰድ፤ ሲተክል ግን ከአሮጌው ማሳ ራቅ ያድርገው፣ ቅጠሉንም በየሳምንቱ ይገልብጥ።