የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ ቀጭኗ የፔስት መስመር

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በተለመደው ሥራ አለፈ። አዳዲሶቹ አባላት እግራቸው በቦርዱ ቀዳዳ የሚገባ ሬዚስተሮችንና ኤልኢዲዎችን እየበየዱ እጃቸውን አፍታቱ። የዓመቱ ትልቁ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በቦርዱ ገጽ ላይ የሚቀመጡ ቺፖችን በእጅ መበየድ ጀመርን። ከአንዱ እግር መሃል እስከ ቀጣዩ እግር መሃል ያለው ርቀት 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሶልደር (ቀልጦ እግሩን ከቦርዱ ጋር በሚያያይዘው ብረት) ሽቦም መሥራት ይቻላል፤ እኛ ግን ሶልደር ፔስት መረጥን።

ፔስቱ በጣም ጥቃቅን የሶልደር እንክብሎች ከፍላክስ (የሚበየደውን ብረት አጽድቶ ሶልደሩ እንዲይዝ ከሚረዳ ንጥረ ነገር) ጋር የተለወሱበት ነው። ታይፕ 4 በሚባለው ውስጥ አብዛኞቹ እንክብሎች ከ20 እስከ 38 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ናቸው። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ሶልደር በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ ለሥራ ይቀላል። ለልጆች ስለሆነ ግን እርሳስ የሌለበትን ወሰድኩ፤ እሱ 217 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከተከፈተ የአየሩን እርጥበት ይስባል፣ ሲሞቅም ይረጫል። ስለዚህ ጠዋት ይወጣል፣ ከሰዓት ይከፈታል። ይህን ኃላፊነት ማንም ሳይነግራት የወሰደችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትመሰገናለች።

ልጆቹ መጀመሪያ እያንዳንዱ ፓድ (እግሩ የሚበየድበት የቦርዱ ብረት) ላይ የፔስት ነጥብ ለማስቀመጥ ታገሉ። አንዱ ነጥብ ይበዛል፣ ሌላው ያንሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። የሚሻለው በሲሪንጅ መርፌ የፓዶቹን ረድፍ የሚያቋርጥ አንድ ቀጭን መስመር መሳብ ነው። «እንዴ! ሁሉንም እግር ሊያገናኘው አይደል እንዴ?» አሉኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። መልሱን ግን በአጉሊ መነጽር ራሳቸው እንዲያዩት ፈለግኩ።

ቺፑ ላይ ያለችውን ነጥብ አይተው አቅጣጫውን ለዩ፤ እግሮቹን ከፓዶቹ ጋር አስተካክለው በሰያፍ ሁለት ጥግ ላይ አጣበቁት። ከዚያ የሶልደሪንግ አይረኑን (የትኩሱን መበየጃ) ጫፍ የእግሮቹን ዳር እያስነኩ በዝግታ ጎተቱ። መጀመሪያ ፍላክሱ ቀልጦ ፈሰሰ። ቀጥሎ ግራጫው መስመር ድንገት አብረቀረቀና በየእግሩ ተከፋፈለ። ሶልደር ወደ ብረት ይሄዳል እንጂ በፓዶቹ መካከል ያለውን አረንጓዴ ሽፋን አይወድም። ፊዚክስ ክፍል በውሃ ጠብታ ያየነው የገጽ ውጥረት እዚህ ሥራ ሲሠራ አዩት። ክፍሉ በጩኸት ሞላ!

ይህ የሚሆነው ግን መስመሩ ቀጭን ሲሆን ነው። ፔስት ከበዛ እግሮች ይያያዛሉ፤ የትርፉ ሶልደር ድልድይ ከእግሮቹ ጀርባ ከገባ ደግሞ ማውጣቱ ያደክማል። ፍላክስ ጨምረን በተጠለፈ የመዳብ ሽቦ ትርፉን እንመጥጠዋለን። በመጨረሻ እግሮች መያያዝ አለመያያዛቸውን የምንለካበት መልቲሜትር ይመጣል። ሁለት ልጆች ሁለት እግሮች ተያይዘዋል ብለው ብዙ ደከሙ። የሰርኪውቱን ሥዕል ሲያዩ እግሮቹ ከመጀመሪያውም እንዲገናኙ የተሠሩ ናቸው። አሁን ከመልቲሜትሩ በፊት ሥዕሉን ያነሳሉ።

ለሚመጣው ዓመት የምንፈልገው የጭስ መሳቢያ ነው። የፍላክስ ጭስ አስም ሊያስነሳ ስለሚችል እስካሁን መስኮት ከፍተን ነው የምንሠራው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ያላችሁ ወላጆች ብትልኩልን መሳቢያውን ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል።