ፎቶውን አሳንሱልን፣ ጨረታውን ደግሞ ጻፉልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኢንተርኔት መንቀርፈፍ በድረ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ደህና ጽሑፍ ነው። ጥፋቱን ግን ጠቅላላ ኔትወርኩ ላይ ጣላችሁት። እኔ አራት ኪሎ ቢሮዬ ተቀምጬ ገጹ እስኪከፈት የጠበቅኩት በእናንተው ፎቶ ነው። ከርዕሱ በላይ ያለው ፎቶ ከካሜራ እንደወጣ ተጭኗል፤ አምስት ሜጋ ገደማ ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ስለሆነ ነገሩ ይከነክነኛል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ወደ ጎን 4000፣ ወደ ታች 3000 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። የብዙ አንባቢዎቻችሁ ስልክ ስክሪን ግን ስፋቱ ከ1080 ፒክስል ብዙም አያልፍም። በዚያ ልክ ቢሠራ ፎቶው 1080 በ810 ይሆናል፤ ከ12 ሚሊዮኑ ፒክስል ዘጠኝ መቶ ሺህ እንኳ አይሞላም። ትርፉን አንባቢው በገዛ ፓኬጁ ያወርደዋል፣ ስልኩ መልሶ ይጥለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውን በልኩ አሳንሱት። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ነው ወደ አዲስ ፎርማት፣ ማለትም ፎቶው ወደሚቀመጥበት አዲስ የፋይል ዓይነት፣ የሚሮጠው።

ፎርማቱም ቢሆን ዋጋ አለው። የተለመደው የፎቶ ፎርማት ጄፔግ (JPEG) በ1992 የወጣ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ጎግል በ2010 ዌብፒ (WebP) የተባለውን ፎርማት አመጣ፤ በራሱ ልኬት ከተመሳሳይ ጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ይቀላል። በ2019 ደግሞ ኤቪፍ (AVIF) መጣ፤ የእሱ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ከዌብፒም ያንሳል። ክሮም ከ2020፣ የአይፎኑ ሳፋሪ ከ2022 ጀምሮ ይከፍቱታል። አሮጌ ስልክ የያዘ ሰው እንዳይቀርበት በገጹ ኮድ ላይ ጄፔጉንም አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብራውዘሩ የሚችለውን ራሱ ይመርጣል። ፎቶ በኤቪፍ ሲጨመቅ (የፋይሉ መጠን ሲቀነስ) ጊዜ ይወስዳል። ቢወስድስ? የሚጨመቀው አንዴ፣ የሚወርደው ስንት ሺህ ጊዜ!

ከመጠን በላይ ከጨመቃችሁት ግን ኤቪፍ ነገር ያለሰልሳል። የሽማግሌ ፊት ሽብሽቡ ይጠፋል፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ክሩ አይለይም። ስለዚህ መጨመቅ በዓይን እያዩ ነው።

ከፒያሳ ተነስተው ሌላ ሰፈር የገቡ አንድ የወርቅ ቤት ባለቤት ደንበኛዬ ናቸው። የድሮ ደንበኞቻቸው አዲሱን ቦታ የሚፈልጉት በስልክ ነው። «ልጄ፣ ወርቅ ነው የምሸጠው፤ የፎቶውን ጥራት እንዳትነኪብኝ» አሉኝ። የአንድ ቀለበት ሁለት ፎቶ፣ አንዱን ዋናውን፣ አንዱን የተጨመቀውን፣ ጎን ለጎን አቀረብኩላቸው። «ጋሼ፣ ይምረጡ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩ። የመረጡት የተጨመቀውን ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። የጨረታና የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎቻችሁን ስካን አድርጋችሁ በጄፔግ ትለጥፋላችሁ። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ነው የሚጨምቀው። ለሰማይና ለፊት ይሆናል። ለፊደል ግን አይሆንም፤ የጭረቱን ጠርዝ ያጨማልቀዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ በጭረት ነው። «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ሥራ ፈላጊው ልጅ በስልኩ አጉልቶ አጉልቶ ያያል፤ ካርዱ ያልቃል፣ ፊደሉ አሁንም ጭጋግ ነው። ፎቶ ስለሆነ በጎግል ፈልጎ አያገኘውም። ለዓይነ ስውሩ ስልኩ አያነብለትም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ አለ፤ ምን ቸግሯችሁ ነው ጽሑፍ ፎቶ የምታደርጉት? ማኅተምና ፊርማው የግድ መታየት ካለበት ስካኑን ጥራት በማይቀንሰው ፒኤንጂ (PNG) በተባለው ፎርማት ወይም ጥራት በማይቀንሰው የዌብፒ ዓይነት ከሥር አስቀምጡት፤ ዋናው ግን ይጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ከፍጥነትም ይብሳል። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ስሙ እንዳይጠቀስ የለመናችሁን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ካነሳችሁ፣ ፎቶው አድራሻውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስትጨምቁ ያ መረጃ አብሮ እንዲጠፋ አድርጉ።

ለዚህ ሁሉ የሚገዛ ነገር የለም። ስኩዎሽ የሚባለው የጎግል መሣሪያ በብራውዘር ይከፈታል፣ ነጻ ነው፣ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያሳያል። የፎቶ ክፍላችሁ ልጆች አንድ ከሰዓት ካገኙ መጥቼ አሳያቸዋለሁ፤ ቡናውን እነሱ ይጋብዙኝ። የጨረታውን ገጽ ግን እኔን ሳትጠብቁ ጀምሩት።

ድረ ገጽ ሠሪ አንባቢያችሁ፣
ከአራት ኪሎ