ግዕዝ ቁጥር የሚሻገረው መቶ ሲሞላ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ላይ 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የልጆች ገጻችሁን ከልጅ ልጄ ጋር ነው የማነበው። በቀደም ሃያዎቹን የግዕዝ ቁጥሮች ከ፩ እስከ ፼ ደርድራችሁ አጥኑ ብላችሁ ነበር። ደግ ነው። ልጁ ግን አየት አድርጎ «ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ቁጥር ካልሠሩበት ምኑ ይጠናል?

እስቲ 2013ን በግዕዝ ጻፍ አልኩት። ፳፻፲፫ ብሎ ጻፈ። በለመድነው አጻጻፍ አሥር ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ቤት እንሻገራለን። ግዕዙ የሚሻገረው መቶ ሲሞላ ነው። ከ፻ በስተግራ ያለው ስንት መቶ እንደሆነ ይናገራል፤ በስተቀኝ ያለው ትርፉን። ሁለቱን ደምር አልኩት። 20 እና 13፣ 33። 33 ለ11 ይካፈላል፤ እንግዲያው 2013ም ይካፈላል። አላመነኝም። የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ሲያካፍል 183 መጣለት፤ ቀሪ የለውም።

ምክንያቱን በብር አስረዳሁት። 20 ባለ መቶ ብር ኖትና 13 ብር ዝርዝር አለህ እንበል። ከእያንዳንዱ መቶ ላይ 99 አንሳ። አንድ አንድ ብር ይተርፋል፣ በድምሩ 20። ከዝርዝሩ ጋር 33 ሆነ። 99 ማለት 9 ጊዜ 11 ስለሆነ ያነሣኸው ሁሉ ለ11 ይካፈላል። ስለዚህ የተረፈውን ማየት ይበቃል። ለ3፣ ለ9፣ ለ33 እና ለ99ም እንዲሁ ነው።

አንድ ወጥመድ አለች። 165 በግዕዝ ፻፷፭ ነው፤ ከመቶው ፊት ፩ አይጻፍም። ልጁ 65ን ብቻ ይዞ «አይካፈልም» አለ። የተደበቀችውን አንድ ስትጨምር 66 ነው፣ ይካፈላል። ክፍል ውስጥ ቢሆን ግማሹ ተማሪ እዚህች ላይ ይወድቅልኝ ነበር።

የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር) ሊቃውንት የወንጌላዊውን ዘመን፣ ማለትም ዓመቱ ከአራቱ ወንጌላውያን በማን ስም እንደሚጠራ፣ ለማወቅ ዓመተ ዓለሙን (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመት) ለ4 ያካፍላሉ። የ2018 ዓመተ ዓለም፣ 5500 ሲጨመርበት፣ 7518 ነው፤ በግዕዝ ፸፭፻፲፰። መቶ ራሱ ለ4 ስለሚካፈል ፸፭፻ን ተዉት። ፲፰ን ለ4 ስታካፍሉ 2 ይቀራል፤ 2 ሲቀር ዘመነ ማርቆስ ነው። (ይህንን ለሰፈራችን መሪጌታ ላስረዳ ብል፣ ሳልጨርስ መልሱን ነገሩኝ።)

ስለዚህ በሚቀጥለው ከሠንጠረዡ ሥር ሁለት ሦስት ጥያቄ ጨምሩበት። የኛው ልጅ የእናቱን የልደት ዓመት፣ 1980ን፣ በራሱ ሞክሯል። ፲፱፻፹፦ 19 እና 80፣ ድፍን 99። ከዚያ ለ99 የሚካፈለው ቀጣዩ ዓመት 2079 መሆኑን ደረሰበት። በጣቱ ቆጠረና «አባባ፣ ያኔ 71 ዓመቴ ነው፤ እኔም ጡረተኛ ነኝ» ብሎ ሳቀብኝ።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር
ደሴ